አድሮ የሚገኝ እሳት

ባለቤቴ የሞተው ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ድንኳኑን ነቅሎ፣ ከየቤቱ የተሰበሰበው ወንበር ከተመለሰ በኋላ ልጃችን ወደ ደሴ ከመሄዱ በፊት በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ሊል የፈለገውን ገና ሳይናገር አውቄዋለሁ።

"እማ፣ ቤቱን እናከራየውና ከኔ ጋር ነይ።"

"የትም አልሄድም።"

"በጡረታ ብቻ እንዴት ትኖሪያለሽ? የከሰሉን ዋጋ አይተሻል? የዘይቱንስ?"

"አንዲት አሮጊት ስንት ትበላለች ብለህ ነው?"

"ሌላ ሰው አሮጊት ቢልሽ ታኮርፊ ነበር።" ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። "እሺ፣ እስከ ጥምቀት እንየው። ከኔ ሳትቀበዪ፣ ከሰው ሳትበደሪ፣ ጦምሽን ሳታድሪ ከደረስሽ ሁለተኛ ስለ ደሴ አላነሳብሽም። ካልሆነ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ።"

"የነቢያት ጾም በመሀል አለ እኮ። እሱም ይቆጠርብኛል?"

"አትቀልጂ እማ።"

ተስማማን። እሱ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ደረጃውን ሁለት ጊዜ አርፌ ነው የምወጣው። እዚያ ሆኜ ከበረንዳዬ የማየው ሐይቅ አይታየኝም፣ የባሌም መቃብር ሩቅ ነው። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምቆጥበው በቤቴ ለመቅረት ነበር።

ሕፃናትን ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ማብቃቃት አይከብደኝም። የሳሙና ስባሪ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አንድ አደርጋለሁ። የተፈላ ሻይ ቅጠል አድርቄ ደግሜ አፈላለሁ። ገበያ የምወጣው ሊበተን ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ሽንኩርቷን ተሸክማ መመለስ የማትፈልግ ነጋዴ መደቡ ላይ ትመርቅልኛለች። ባጃጅ ትቼ በእግሬ እሄዳለሁ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ሥጋውን ለሆቴሎች ገፈው ሲጨርሱ ራሱንና አጥንቱን በርካሽ እወስዳለሁ፤ በሚጥሚጣ ሲፈላ ሾርባው ወፍራም ነው።

"እማማ፣ ድመት ያረባሉ እንዴ?" አለኝ አንዱ አስጋሪ።

"አዎ፣ አንዲት ትልቅ ድመት አለች። ዛሬ ራሷ መጥታለች።"

ሳቁና አንድ ራስ ጨመሩልኝ።

መብራቱንም ቀነስኩ። አምፖሎቹን ነቃቅዬ አንዷን ብቻ አስቀረሁ፤ ወደምቀመጥበት ክፍል እያዞርኩ እሰካታለሁ። መጀመሪያ የእንግዳ ማረፊያው ጨለመ፣ ቀጥሎ ሳሎኑ፣ ቀጥሎ የባሌ መሣሪያዎች ያሉበት ክፍል። ቤቴ ከኋላዬ እየተዘጋ የሚከተለኝ ሆነ። ከአንዱ ክፍል ወጥቼ ወደ ሌላው ስገባ፣ በተውኩት ጨለማ ውስጥ አንድ ሰው ተስተካክሎ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ጣውላው ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይንቋቋል እያልኩ አልፈው ነበር።

ሁሉም ነገር ቀነሰ። ከሰሉ ብቻ አልቀነሰም።

ሁለት ሆነን ጠዋትና ማታ እያበሰልን አንድ ጆንያ የሚቆይልን የታወቀ ጊዜ ነበር። አሁን ብቻዬን ነኝ፣ እሳት የማነድደውም በቀን አንዴ፣ ማታ ነው። ጆንያው ግን ልክ በዚያው ጊዜ አለቀ። ከሰል ሻጩ ከታች ዱቄት ሞልቶብኝ ነው ብዬ ከሌላ ሰው ገዛሁ። ያም እንዲሁ። ማድቤቱ ከቤቱ ጀርባ ለብቻው የቆመ ነው፤ ጆንያው ጥግ ላይ በሁለት ሰው ልክ ይጎድላል።

ጥቅምት ላይ አንድ ጠዋት ከሐይቁ የተነሳው ጉም ግቢውን ሞልቶት ነበር። ማታ እስኪሆን ሳልጠብቅ ክብሪት ይዤ ወደ ማድቤት ገባሁና ምድጃው ፊት ቁጢጥ ስል ሙቀት ፊቴን ነካኝ። አመዱ ላይ የተሰበረ የጋን ገል ተደፍቶበታል። ገሉ በስተበሩ በኩል አንድ ጣት ያህል ቀና ብሏል። አነሳሁት። ከአመዱ ሥር ፍሙ ቀይ ሆኖ ተቀምጧል።

የማን ሥራ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ በመንገድ ሥራ ያገለገለ ሰው ነው። በወጣትነቱ አምባሰል ተራራ ላይ ድንጋይ ሲፈልጡ፣ ብርዱ ሰው በሚያደርቅበት ካምፕ ውስጥ፣ እሳት መዳፈንን ከሽማግሌ ሠራተኞች ተማረ። ትልልቁን ፍም ይመርጥና ያስጠጋጋዋል፤ የላመ አመድ ያለብሰዋል፤ በእጁ ጀርባ ቀስ አድርጎ ይጠቀጥቀዋል፤ ገሉን ደፍቶ ወደ በሩ ቀና ያደርገዋል። ጠዋት ሲነሳ እሳቱ አድሮ ይጠብቀዋል። መንገድ በተዘጋበትና ክብሪት በጠፋበት በዚያ ክፉ ጊዜ የሰፈሩ ሴቶች ገል ገላቸውን ይዘው ከኛ ምድጃ ይጭሩ ነበር። ያኔ የክርስቲያኑም የእስላሙም ወጥ በኛ ፍም ነው የበሰለው።

እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አልሆነልኝም። የዳፈንኩት ወይ ታፍኖ ይጠፋል፣ ወይ ነድዶ አመድ ይሆናል።

"አንቺ እኮ አትዳፍኚም፣ ትቀብሪያለሽ" ይለኝ ነበር።

ያን ጠዋት ገሉን እንደነበረ መልሼ ከማድቤቱ ወጣሁ። ጉሙ ውስጥ ቆሜ ቤተ ክርስቲያኑ ሲደወል ሰማሁ። ከዚያ ደግሞ በማግስቱ እሳቱ ነበረ፤ በሦስተኛውም ቀን ነበረ። ለማንም አልተናገርኩም። ለልጄ ብነግረው ያንኑ ቀን ሻንጣዬን ያስይዘኛል።

የሚያስፈራኝ እሳቱ ብቻ አልነበረም፤ ከሰሉም ጭምር ነው። ማንም ይሁን ማን፣ ሌሊት እየገባ የኔን ከሰል እየጨመረ ነው የሚዳፍነው። እንዲህ ከቀጠለ ጥምቀት ሳይደርስ ባዶ እጄን እቀራለሁ። ስለዚህ ቁልፍ ገዛሁና ማታ ማድቤቱን ቆለፍኩት፤ ቁልፉን ማተቤ ላይ አስሬ አንገቴ ላይ እንዳለ ተኛሁ።

ጠዋት ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። በሩም እንደተቆለፈ ነው። ከፈትኩት። ገሉ አመዱ ላይ ተደፍቶ፣ ወደኔ ቀና ብሎ ጠበቀኝ።

ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከኋላዬ ኮሽታ ሰማሁና ጮህኩ።

"እኔ ነኝ እታለም! ምን ሆነሽ ነው?" አለች ጎረቤቴ። ከቁልቋሉ አጥር ወዲያ የምትኖር፣ እንደኔው ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ናት። በእጇ ገል ይዛለች። "ሱብሒ ሰግጄ ብመጣ ተቆልፎ አገኘሁት። ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ከሰው እሳት የሚቆለፍ?"

"አንቺ አሁንም ትጭሪያለሽ?"

"በየቀኑ ነዋ! አንቺ ኪዳን ስትሄጂ፣ ወይ ስትተኚ። ክብሪት ልግዛ እንዴ ዛሬ ደግሞ?" ገሉን ወደ ምድጃው አስጠጋች። "እሱ ከሞተ ወዲህ ይቀራል ብዬ ነበር። አንቺው ስትዳፍኚልኝ፣ አላህ ይስጣት፣ አደራውን አልበላችም እያልኩ ዱዓ ሳደርግልሽ ነው የከረምኩ።"

"እኔ አይደለሁም።"

"ምኑ?"

"እኔ አልዳፈንኩም። ዳፍኜም አድሮልኝ አያውቅም።"

ፍም ልታነሳ የዘረጋችው እጇ ባለበት ቀረ። ወደኔ አየች፣ ወደ ቁልፉ አየች።

"ቢስሚላሂ" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ባዶ ገሏን ይዛ በመጣችበት ተመለሰች።

ያን ዕለት ማታ አንድ ጣሳ ውሃ ይዤ ገባሁና ምድጃው ላይ ደፋሁት። እሳቱ ጮኸ፤ አመዱ ተነስቶ ፊቴን ሸፈነኝ። በስመ አብ እንኳ አላልኩም። እንግዲህ ይብቃ ብዬ ቆልፌ ወጣሁ።

ሲነጋ ምድጃው ረጥቦ፣ ቀዝቅዞ ነበር። ገሉ እኔ የጣልኩበት ቦታ ላይ ነው። ያሰብኩት ሆነልኝ፤ የሚጎድል ከሰል የለም። ግን ቤቴ እንደዚያ ጠዋት ባዶ ሆኖ አያውቅም። ባሌ ሲሞት በልቅሶው፣ በሰው ብዛት፣ በሚመጣው እንጀራ መሀል ያላየሁትን ነገር አሁን እርጥብ አመድ ላይ አየሁት። ቀኑን ሙሉ እሳት አላነደድኩም። ደረቅ ዳቦ በልቼ ተቀመጥኩ።

ወደ ማታ ግድም ጎረቤቴ መጣች። በገሏ ላይ ከራሷ ምድጃ ፍም ይዛለች። እርጥቡን አመድ ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

"ውሃ ደፋሽበት? ቢስሚላሂ ሳትይ?"

"አላልኩም።"

"ውይ አንቺ ሴትዮ! ጂኑንም መልአኩንም አብረሽ ነው ያራስሽው!" ተቀምጣ እርጥቡን አመድ በእጇ ታወጣ ጀመር። "ስንት ዓመት በዚህ እሳት በልተናል። ማን ዳፈነው ብዬ አልጠይቅም። እኔ ፍም ነው የምወስድ።"

"ከሰሉ ነው እኮ የሚያልቅብኝ። ልጄ ይወስደኛል።"

ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳት። የተስማማነውን፣ ጥምቀትን፣ ደሴን። አዳመጠችኝና ሳቀች።

"እና ይኸን ይዘሽ ነው ብቻሽን ስትፈሪ የከረምሽ? አንዱን ጆንያ አንቺ ትገዣለሽ፣ ቀጣዩን እኔ። ሁለት ቤት በአንድ እሳት ይኖራል። ወላሂ ለኔም ይረክሰኛል።"

እንዲህ ሆንን። ገብስ አብረን እንቆላለን፣ ምስር በአንድ ድስት ቀቅለን እንካፈላለን። ከሰሉ በቃን፤ እንዲያውም ተረፈን። እሳቱን ማታ ማታ ማንም ሳይነካው ትተን፣ በሩን ቆልፌ እንገባለን። ጠዋት ተዳፍኖ እናገኘዋለን። እሷ ቢስሚላሂ ትላለች፣ እኔ በስመ አብ እላለሁ፣ ገሉን እናነሳለን። አንድ ጊዜ መዳፌ እጥፋት ውስጥ አመድ አየሁና ታጠብኩት። የምድጃ አመድ ቀንም ይይዛል ብዬ።

ልጄ በከተራ ዕለት መጣ። ቤቱን ዞሮ አየ፣ ጨለማ ክፍሎቹን አየ፣ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ጆንያውን አየ። ጎረቤቴ ስለ ከሰሉ አስረዳችው።

"አደራ፣ እናቴን እየበዘበዝሻት እንዳይሆን" አላት እየሳቀ።

"እናትህ ናት እኔን የምትበዘብዝ! ምስሩን ማን እንደሚያወጣ ጠይቃት።"

"እሳቱን ግን ማን ነው የሚዳፍነው? እማ አይሆንላትም ነበር።"

ጎረቤቴ ወደኔ አላየችም። "የቤቱ ሰው" አለችና ገሏን ይዛ ወጣች።

ልጄ እዚሁ አደረ። ጠዋት ስነሳ ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ አገኘሁት። ዓይኑ እንቅልፍ ያየ አይመስልም።

"ሌሊት ተነስተሽ ነበር?" አለኝ።

"አልተነሳሁም።"

"ተነስተሻል እማ። በሩ ሲከፈት ሰምቼ ተከተልኩሽ። ጠራሁሽ፤ አልሰማሽኝም። መብራት ሳታበሪ ቁልፉን ከአንገትሽ አውጥተሽ ከፈትሽ። ከዚያ ተንበረከክሽና..." በጣቱ ወደ ምድጃው ጠቆመ። "ልክ እንደ አባዬ። እጅሽ እንኳ የሱ ነው የሚመስል። ስትጨርሺ ምድጃውን ተደግፈሽ ተነሳሽና 'ወገቤን' አልሽ። እሱ በሚለው ድምፅ።"

እኔ ወገቤን አሞኝ አያውቅም።

ከሐይቁ በኩል የጥምቀተ ባሕሩ ዝማሬ በጉሙ ውስጥ ይመጣ ነበር። እወስድሻለሁ ነው የሚለኝ ብዬ ጠበቅሁ። የታመመች እናት ብቻዋን አትተውም። ተነስቼ ሻንጣዬን እንዳወጣ እስኪነግረኝ ድረስ እጆቼን አየኋቸው፤ ንጹሕ አልነበሩም።

"ሌሊቱን ሙሉ ያን ደረጃ ሳስብ ነው ያደርኩት" አለ በመጨረሻ። "እኔ ቤት ብትሆኚ ተነስተሽ ምድጃ ትፈልጊያለሽ። የኔ ምድጃ ኤሌክትሪክ ነው። ስታጪው በሩን ከፍተሽ ትወጫለሽ። ከዚያ ደረጃው..." አልጨረሰውም። "እዚህ ግን ታገኚዋለሽ፣ ትዳፍኚዋለሽ፣ ተመልሰሽ ትተኛለሽ። እዚሁ ሁኚ እማ። ጎረቤታችንን አናግራታለሁ፤ ሌሊት ጆሮዋን ትጣል።"

ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። በቤቴ ቀረሁ። ግን የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነው።

"እንዴት እንዳደረግኩ አሳየኝ።"

ገብቶ ተንበረከከ። ፍሙን አስጠጋጋ፣ አመዱን አለበሰ፣ ገሉን ደፋ። ቆየንና አነሳነው፤ ጠቁሯል። እኔ ደግሜ ሞከርኩ። እጄ የቱ ፍም ከየቱ አጠገብ እንደሚሆን ጭራሽ አያውቅም ነበር። የቀረችውን አንዲት ፍም አመድ ውስጥ እየቆፈርኩ ስፈልግ ልጄ ክንዴን ይዞ አነሳኝ።

"ተይው እማ" አለ። "ለሚያውቀው ተይለት።"

ረፋዱ ላይ ታቦቱን ሸኝተን ስንመለስ ቦርሳውን አንስቶ ብቻውን ወደ መናኸሪያ ወረደ።