የዋንዳ ዘመዶች በሚስ ቨርሊን ግድግዳ

ሚስ ቨርሊን ታብስ ክሊቭላንድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዱ ያላናገሩት ሰው ቢኖር ተኝቶ የተጓዘ ተሳፋሪ ብቻ ነው። ራሳቸው ጡረታ ቢወጡም አፋቸው አልወጣም። ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አንዲት ወጣት ምሁር ስለ ጥቁሮችና ነጮች የሀብት ልዩነት ታሪክ ስትናገር፣ እሳቸው ከፊት ወንበር ሆነው በየመሐሉ "አሜን፣ ንገሪያቸው" ይላሉ።

ልጅቱ የድሮ ካርታ አሳየች። ባንኮች ብድር የከለከሏቸው ሰፈሮች ቀይ ተቀብተዋል፤ የሚስ ቨርሊንም መንገድ እዚያው ቀዩ ውስጥ ነው። ዛሬም ቢሆን የጥቁር ሰው ፎቶ የተሰቀለበት ቤት ዋጋው ዝቅ ተደርጎ ይገመታል፣ ስለዚህ ብዙ ሰው የቤት ዋጋ ገማች ሲመጣ ፎቶውን ያወርዳል አለች። አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ያላወረደ ማን አለና። ሚስ ቨርሊን ግን አልሳቁም። ጣሪያቸው ያፈስሳል፤ ሰኞ ገማች ይመጣል፤ ግምቱ ዝቅ ካለ ባንኩ ማሠሪያውን አያበድርም።

ማውረድ ብቻ አላጠገባቸውም። ከዋሹ አይቀር አሳምሮ ነው ብለው፣ ፖላንዳዊት ጎረቤታቸውን ዋንዳን ዘመዶቿን እንድታውሳቸው ጠየቁ። ዋንዳ እየተንከተከተች አንድ ካርቶን ሙሉ ፎቶ ይዛ መጣች፤ ሙሽሮች፣ ቄስ አጎት፣ ጺማም አያት። የሟቹ ባላቸው የኤልበርት ፎቶ በአንሶላ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ገባ።

"ለአንድ ጠዋት ነው ኤልቢ፣ እንዳታኮርፍ" አሉት።

ሰኞ በሩን ሲከፍቱ ገማቹ ጥቁር ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ግድግዳውን ቃኘና ጺማሙ አያት ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቀረ።

"ቤተሰብዎ ናቸው?"

"በጋብቻ" አሉ ሚስ ቨርሊን፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው።

ሰውየው ሳቁን መያዝ አቃተው፤ እሳቸውም ተከተሉት። የራሳችን ልጅ ከሆነማ ብለው ሙሽሮቹን አውርደው ኤልበርትን ከቁም ሣጥን አውጥተው ሊሰቅሉት ሲሉ፣ የሰውየው ሳቅ ጠፋ።

"ይቆዩ እማማ። ሳሎኑን ፎቶ አንሥቼ ከግምቴ ጋር እልካለሁ፤ የሚያጸድቁት ሌሎች ናቸው። ሙሽሮቹን ይመልሷቸው፤ ሥራዬን ስጨርስ እኚህን ይሰቅሏቸዋል።"

ሚስ ቨርሊን ሙሽሮቹን መለሱ። ከዚያ ኤልበርትን ደረታቸው ላይ አቅፈው ከካሜራው ጀርባ ቆሙ። ፎቶ የሚነሣውን የእንጨት ወለል ያነጠፈው እሱ ነበር፣ በገዛ እጁ።

ግምቱ ጥሩ ሆኖ መጣ፤ ጣሪያውም ይሠራል። ዋንዳ እንኳን ደስ ያለሽ ልትል ስትገባ ሚስ ቨርሊንን በንዴት ሲያለቅሱ አገኘቻቸው።

"ይኸውልሽ" አሉ ወረቀቱን እየሰጧት፤ "ቤታችን ያለ ኤልቢ ስንት እንደሚያወጣ አወቅሁ።"