የጓያ እንፋሎት

ወንድሜን ይዤ ከእንጅባራው ሆስፒታል ስወጣ ደክሞኝ ነበር። እሱ በሁለት ምርኩዝ፣ በእግሩ ጣቶች ብቻ እየረገጠ፣ ጉልበቱ ከጉልበቱ እየተጋጨ ሲሄድ ያየ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከንፈር መጠጣውም ያደክማል።

ዳንግላ ገጠር፣ እኛ ቤት፣ ጓያ የሚፈራው በእንፋሎቱ ነው። እግር የሚሰብረው እሱ ነው ይባላል። እናቴ ጓያ ስትቀቅል ወንዶቹን ከቤት ታስወጣለች፤ እንፋሎቱ በሩን አልፎ ሳይወጣ ማንም አይገባም። በጓያ ማሳ መሃል ማቋረጥ፣ ገለባው ላይ መተኛት ክልክል ነው። ይህን ሁሉ ጠንቅቀን ጠብቀን፣ ከዚያ ቁጭ ብለን ንፍሮውን እንበላለን።

አምና ውሃ ተኝቶበት ጤፉ ጠፋ፤ ጓያው ብቻ ደረሰልን። ጠዋት ቂጣው፣ ማታ ሽሮው። ከወራት በኋላ ወንድሜ ከእርሻ ሲመለስ እግሬ ከበደኝ አለ፤ ከዚያ ወዲህ እርፍ አልጨበጠም። እናቴ አንድ ቀን ዝናብ ሲያባርረው የጓያው ድስት ከእሳት ሳይወጣ ቤት መግባቱን ታስታውሳለች። ምነው በሩን በዘጋሁበት እያለች ስታለቅስ ከረመች።

ሐኪሙ ግን እንፋሎቱ ምንም አያደርግም አለን። የሚጎዳው መብላቱ ነው፤ ሌላ እህል ሳይቀላቀልበት ለወራት ሲበሉት ነርቭ ይጎዳል። የተጎዳው እግር አይመለስም፤ መብላቱን ከተወ ግን አይብስበትም። ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ወደ ቤት የያዝነው ሚኒባስ አዲስ ቅዳምን ሲያልፍ ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ምሳ አቀረበች። ሽሮው የጓያ ነበር። ወንድሜ እጁን ታጠበ፣ አንድ ጊዜ አየኝ፣ ከዚያ ቆርሶ ሊያጠቅስ እጁን ዘረጋ። ለእሷ ሲል ሊበላው ነው። እጁን ያዝኩት።

ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ቀስ ብዬ ልነግራት አስቤ ነበር፣ አልሆነልኝም። እናቴ አላለቀሰችም። ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች።

«ሲያርስ ውሎ ይደክመዋል እያልኩ» አለች፣ «ለእሱ ነበር የማበዛለት።»