ሐጂ የመረጡልን ኮምፕሬሰር

ዛሬም ፍሪጄ ዝዝ ብሎ በተነሣ ቁጥር የአኳራጅ፣ የዚያ የቀለም ማቅጠኛ ሽታ ይመጣብኛል። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባደግኩበት ቤት፣ ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ አባቴ የተጣለ ብስክሌት እየሰበሰበ፣ ዝገቱን ፍቆ፣ ቀለም በአየር እየነፋ አዲስ ያደርግ ነበር። እንጀራው የባቡር ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ብስክሌቱ ፍቅሩ ነው። ሠርቶ ሲጨርስ ለጠየቀው ሁሉ እየሰጠ እናቴን ያናድዳት ነበር።

መስከረም ላይ ታላቅ ወንድሜ እሸቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሁርሶ ማሠልጠኛ ገባ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ምግብም ወሬም ቀነሰ፤ ምሳውን ቀማምሶ ወደ ጓሮ ይሄድና ሲፍቅ ሲነፋ ብቻ ፊቱ ይፈታ ነበር። ችግሩ ቀለሙን የሚነፋበት ኮምፕሬሰር ነው። ከአንድ ጎሚስታ የገዛው፣ ስንት ዘመን የመኪና ጎማ ሲነፋ የኖረ፣ ሲነሣ የቤታችንን መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ጉድ ነበር። ድሬ ደግሞ ከምሳ በኋላ ፀሐዩ እስኪበርድ ጸጥ ትላለች፤ ሱቁ ይዘጋል፣ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው ይቅማል። አባቴ ከቢሮ የሚወጣውም በዚያው ሰዓት ነበር።

ግድግዳ የምንጋራቸው ሐጂ ኡመር የተባሉ ሶማሌ ጨርቅ ነጋዴ፣ በዚያ ሰዓት ፍራሻቸው ላይ ጋደም ብለው ጫታቸውን ይቅሙ ነበር። አንድ የጥቅምት ቀን ሽርጣቸውን እያጠበቁ መጡብን።

«አቦ ተፈራ! ምርቃናዬን ገደልከው እኮ፣ ወላሂ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ቀበሌ ሄዶ ይከስ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ቀበሌ «ጓሮህ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሐጂ እንደዚያ አላደረጉም። አባቴ ግን ይሉኝታ ያዘውና በማግስቱ ኮምፕሬሰሩን ሸጠ። ከዚያማ ከምሳ በኋላ ሬዲዮኑ ሥር ተቀምጦ የጦርነት ወሬ ያዳምጥ ጀመር። እጁ ሥራ ፈትቶ አይቼው ስለማላውቅ ያስፈራኝ ነበር።

ሐጂም ሰው ናቸውና አንጀታቸው አልቻለም። ኅዳር ሲገባ መጥተው፣ «ተነሥ፣ ድምፅ የሌለው እንፈልጋለን፤ የምመርጠው ግን እኔ ነኝ!» አሉት። ሁለቱ ጋራዡንም ነጋዴውንም አዳረሱ። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ሐጂ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና፣ «ይሄስ ባቡር ነው፤ ባቡርህን እዚያው ቢሮህ ተወው!» እያሉ ያልፉ ነበር አሉ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ባዶ እጃቸውን፣ ደክሟቸው መጥተው፣ እናቴ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታላቸው ሲጠጡ፣ ፍሪጃችን በቀስታ ተነሣ። ሐጂ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ተፈራ» አሉ፣ «ይሄስ?»

«እንዳታስቡት!» አለች እናቴ። «ውሃችሁን ጠጡና ውጡልኝ!»

እውነቷን ነው። ከጅቡቲ በባቡር ያስመጣችው፣ በየቀኑ የምትወለውለው ፍሪጅ ነበር፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ያለ ፍሪጅ ቅቤው ዘይት፣ ወጡ በማግስቱ ኮምጣጣ ነው። አባቴም ወደ ሬዲዮኑ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ግን፣ ምሳውን ሳይነካ ከተነሣ በኋላ፣ እናቴ ያለውን ሁሉ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችና ፍሪጁን ከሶኬት ነቀለችው።

«አሁን ብርድ ነው፤ አያስፈልገኝም» አለችው።

የድሬዳዋ ብርድ! እኔ እንኳ ልጅ ሆኜ ልስቅ ዳድቶኝ ነበር። አባቴ ግን አልሳቀም፤ መፍቻውን ሊያመጣ ወጣ።

ሞተሩን ፈትቶ ከአሮጌ ካሚዮን የአየር በርሜል ጋር አያያዘው። ለመሙላት ዘገምተኛ ነበር፤ አንድ ብስክሌት ቀለም ለመቀባት ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ እሱ ግን ጊዜ ሞልቶታል። የተሞከረ ዕለት ሐጂ ቤታቸው ገብተው ተጋደሙ፤ ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ በመጨረሻ በግድግዳው በኩል ጮኹ።

«አቦ አስነሣው እንጂ! እስከ መቼ ልጠብቅ?»

«ከተነሣ ቆየ እኮ፣ ሐጂ!»

ከዚያን ቀን ወዲያ አባቴ መብላት ጀመረ።

ግንቦት መጣ፤ ሙቀቱ ሲመጣ ቤታችን ምድጃ ሆነ። እናቴ አንድም ቀን አላማረረችም። ሐጂ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ በሴት ልጃቸው እጅ አንድ ጆግ በረዶ ውሃ ይልኩልን ነበር፤ «የሞተሩ ግብር ነው» ይሉ ነበር።

ሁለት ዓመት አልፎ በሌላ ግንቦት እሸቱ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ በሕይወት ተመለሰ። እናቴ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልቅሳ ስትለቀው፣ ውሃ ጠምቶት በለመደው እግሩ ወደ ወጥ ቤት ገባና ባዶውን ቦታ እያየ ቆመ።

«እማዬ፣ ፍሪጃችንስ?»

«አባትህን አቆየሁበት» አለችው። «ሂድ፣ ጓሮ ነው።»

እኔ አሁን ባለትዳር ነኝ፤ ቤቴም ምንም አልጎደለበትም። ባሌ አንዳንዴ ከምሳ ተነሥቶ በረንዳው ላይ ብቻውን ይቀመጣል። «ምን ሆነህ ነው?» እለዋለሁ፤ «ምንም» ይለኛል፤ እኔም አምኜው ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። እናቴ ግን አባቴን «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።