ዋርሳዋን ለማመስገን የማለችው ኢስካና

በሶልመር መንደር በሽተኛ የሚጠየቀው በስድብ ነው። የታመመ ሰው «አንተ ስስታም፣ እስካሁን አለህ?» ሲባል ፊቱ ይፈካል፤ «ምን ዓይነት ደግ ሰው ነህ» የሚል ጠያቂ ከመጣ ግን ቤተሰቡ ዱላ ይዞ እስከ አጥሩ ይሸኘዋል። ሟች ጭጋግ በማይለየው ወንዝ ዳር ይቆምና በውኃው ላይ እየተራመደ ይሻገራል፤ ለዚህም መቅለል አለበት። እውነተኛ ነቀፌታ ያቀለዋል፣ እውነተኛ ምስጋና ያከብደዋል፤ ውሸት ወዲህም ወዲያም አይፈይድም። የከበደ ሟች ጭቃው ውስጥ ሰምጦ ሸምበቆ ሆኖ ይቀራል። የሶልመር ዳርቻ በሸምበቆ የተሸፈነው መንደሯ በደጋግ ሰዎች ስለታደለች አይደለም፤ አፋቸውን መግታት በማይችሉ ዘመዶች ስለታደለች ነው።

ኢስካና ዓሣ በጭስ እያደረቀች የምትኖር፣ ጸባይዋም ከጭሱ እምብዛም የማይለይ ሴት ነበረች። እንዲህ ያለች ሴት ቫሬንን የመሰለ ገር ሰው እንዴት እንዳገባች ሶልመር እስከ ዛሬ አልገባትም። ቫሬን ሲሞት ኢስካና ነቀፌታ ፍለጋ ጭንቅ ውስጥ ገባች፤ ሰውየው እንከን አልነበረውም ማለት ይቻላል። ወንዝ ዳር ቆማ «አንኮራፊ! ዝንጉ! ያለ ጨው የምትቀቅል!» እያለች ያላትን ሁሉ አወጣች፤ ቫሬንም አንድ እግሩን ውኃው ላይ አሳረፈ። በዚያች ቅጽበት ታላቅ ወንድሙ ዱርሜል ከኋላዋ፣ «ወንድሜ፣ ዕድሜህን ሙሉ አንድ ቀን አስከፍተኸኝ አታውቅም!» ብሎ ጮኸ።

እውነት ነበረ። ቫሬን እስከ አንገቱ ሰመጠ፤ ጭጋጉ ሲገፈፍ በቆመበት ቦታ ሸምበቆ ብቻ ይወዛወዝ ነበር።

ኢስካና ወደ ዋርሳዋ ዞረች። «ሆን ብለህ ነው! ካንተ አስበልጦ እኔን ስለወደደ ቀናህ! ስማ ዱርሜል፣ ያንተ ቀን ሲደርስ የማመሰግንህ እኔ ነኝ። ምላሴ እስኪደርቅ ነው የማመሰግንህ!» አለችው። እንዲህ ያለ እርግማን ሶልመር ሰምታ ስለማታውቅ እናቶች የልጆቻቸውን ጆሮ ደፈኑ። ዱርሜል ግን አንድም ቃል ሳይመልስ ሄደ።

ዱርሜል ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ወንዝ ዳር የሚናገረው ደግሞ ከሟቹ ጋር ከአንድ ድስት የበላ ዘመድ ነውና፣ የቀረችው ኢስካና ብቻ ነበረች። ስለዚህ ለእርሷ የምስጋና ምክንያት ላለመተው ሲል ክፉ ሆኖ ለመኖር ቆረጠ። ክፋት ባይሆንለትም ተጋ፤ ጎረቤት እሳት ሊጭር ሲመጣ ምድጃው ላይ ውኃ ይደፋ፣ የተደናቀፈ ሰው ካየ ይስቅ ጀመር። አንድ ጊዜ የሰው ፍየል ከወንዙ ጎትቶ ካወጣ በኋላ ኢስካና ከበሯ ስታየው ቢያገኛት፣ ፍየሏን መልሶ ገፈተራት። ፍየሏ በራሷ ወጣች።

ኢስካናም አልሰነፈችም። ዓሣ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ትመረምር ነበር።

«ዱርሜል ደግ ነገር አድርጎልህ ያውቃል?»

«ለእኔ? ዶሮዬን በድንጋይ መትቶ ነው አንካሳ ያደረጋት!»

«እስቲ አስብ። ፈገግ እንኳ አላለልህም?»

«ብሎኛል፤ ዶሮዋ ስታነክስ።»

የኋላ ኋላ ግን ተሳካላት። በጎርፉ ዓመት ታማ ተኝታ ሳለ የሚያፈሰው ጣሪያዋ በአዲስ ሣር ተከድኖ አገኘችው፤ ሠራሁ ያለ ሰው አልነበረም። ቀና ብላ ማሰሪያዎቹን ስታይ ቋጠሮው ሁሉ የግራኝ ነበር። በሶልመር ግራኙ ዱርሜል ብቻ ነው። ኢስካና አዳኝ ወጥመዱ ሲይዝለት በሚሰማው ደስታ ሳቀች፤ ለማንም ሳትናገርም አቆየችው።

ዱርሜል ሲታመም ዓሣ ይዛ፣ ፈገግ ብላ ገባች።

«እንዴት አደርክልኝ፣ የኔ ደግ?»

«ውጪልኝ ከቤቴ፣ አንቺ መርዝ!»

«ድምፅህ ራሱ እንዴት ይጣፍጣል! ጣሪያዬን እኮ አውቄዋለሁ።»

በሽተኛው ነጣ። «የምን ጣሪያ? ነፋስ ነው የከመረው።»

«ነፋሱ ግራኝ ነው እንዴ?»

ዱርሜል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ኢስካና፣ ሸምበቆ አታድርጊኝ» አለ ቀስ ብሎ። ዓሣውን ራስጌው አስቀምጣ ወጣች።

በሞተ ማግስት ኢስካና የሠርግ ልብሷን ለብሳ ወንዝ ወረደች። ዱርሜል ከጭጋጉ ሥር፣ ጭቃው ጠርዝ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሙታን መናገር ስለማይችሉ ዝም ብሎ ያያታል። የመሻገሪያው ጠባቂ ሽማግሌው ኦብሪስ፣ «ከአንድ ድስት የበላ ይናገር» አለ።

«ታምሜ ሳለሁ ጣሪያዬን ከድኖልኛል!» አለች ኢስካና። ዱርሜል እስከ ጉልበቱ ገባ። ሕዝቡ አጉረመረመ።

«ኧረ ይቅር በይው፣ አንቺ ሴት» አላት ኦብሪስ።

«ምን በወጣኝ? ይህ ቸር፣ ይህ ቅዱስ!» አለች፤ ይህ ውሸት ስለነበረ ሟቹ አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ልታላግጥበት አሰበችና ድምፅዋን አቅጥና፣ «ወንድሙንማ እንዴት ይወደው ነበር መሰላችሁ! ያን ቀን የጮኸው እኮ ፍቅሩ ቢያንቀው ነው!» አለች።

ዱርሜል እስከ ወገቡ ሰመጠ።

ኢስካና ጎንበስ ብላ ጭቃውን አየች። ለቀልድ የወረወረችውን ጭቃው እውነት ብሎ ተቀብሎታል። ቅናት አልነበረም። ያ ጩኸት ሐዘን ነበር፤ ይህ ሰውም ባልዋን በገዛ ምላሱ ማስቀረቱን እያወቀ ኖሯል፣ እየሰደበችውም ዝም ብሏል።

«አንተ ድዳ!» አለች በመጨረሻ። «አንተ ፈሪ! ይህን ሁሉ ዘመን በሬን አንኳክተህ ‹አመለጠኝ› ማለት አቃተህ? እኔ ብቻዬን ሳለቅስ አንተ ብቻህን ታለቅስ ነበር? ኩሩ! ደረቅ! ጣሪያ በድብቅ የምትከድን፣ አንዲት ቃል ግን የምትሰስት!»

ዱርሜል ከጭቃው ወጣ። እግሩ ውኃውን ረገጠ።

«እያቀለልሽው ነው እኮ» አላት ኦብሪስ በጆሮዋ። «መሐላሽስ?»

ኢስካና ዱርሜልን አየችው። አንዲት እውነተኛ ምስጋና በቂ ነበረች፤ አሁን ደግሞ አንዲት ብቻ ሳትሆን ብዙ ታውቅ ነበር። ሁሉንም ዋጠቻቸው።

«የሰው ዶሮ አንካሳ አድራጊ!» ብላ ጮኸች። «አንተ የማትረባ! ዞረህ አትየኝ፣ ቀጥ ብለህ ሂድ!»

ዱርሜል እየፈጠነ ሄደ። ጭጋጉ ከዋጠው በኋላም ስድቡ አላባራም፤ ሕዝቡ ተበተነ፣ የኢስካና ድምፅ ሻከረ። ኦብሪስ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«ተሻግሯል፣ ልጄ። ይብቃሽ።»

«ልቀቀኝ» አለችው እንባዋን እየጠረገች፣ «አልጨረስኩም።»