ለሞጣው ስልክ ያቆምኩት ጠባቂ

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ቢቸና ላይ የስልክ ቴክኒሺያን ነበርኩ። የሞጣው የሬዲዮ ስልክ ጣቢያም በእኔ ኃላፊነት ሥር ነበር። እዚያ ካለው ሳጥን ውስጥ ጥሪ የሚያስተላልፍ ትንሽ ኮምፒዩተር አለ። መብረቅ ሲጮህ ወይም ጄኔሬተሩ ሲንገዳገድ ይደነዝዝና ከተማው በሙሉ ስልክ ያጣል። መድኃኒቱ አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነው። ይህን እንዲያደርግ የተፈቀደለት ግን ከእኔ ሌላ ስላልነበረ፣ ከቢቸና እስክደርስ ይጠበቃል። በክረምት ደግሞ መኪናውን ግንደወይን ላይ ጭቃ ይይዘዋል።

አንድ ሐምሌ እንዲሁ ዘግይቼ ስደርስ የጤና ጣቢያው ነርስ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ምጥ ለጠናባት ሴት መኪና ልጠራ ብል ስልኩ ዝም አለ" አለችኝ። "በቃሬዛ ወሰዷት። እሷ ተርፋለች፤ ልጁ ግን አልተረፈም።"

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢቸና ተመልሼ ከአሮጌ ሬዲዮ በፈታኋቸው ዕቃዎች ትንሽ ጠባቂ ሠራሁ። ኮምፒዩተሩ ደህና ሲሆን አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሲደነዝዝ ብልጭታው ይቆማል። ጠባቂው ያንን ይከታተላል፤ ብልጭታው ከቀረ ጥቂት ታግሶ ኤሌክትሪኩን ይቆርጥና መልሶ ይለቅለታል።

አለቃዬ "ከአዲስ አበባ ሳይፈቀድ ብሎን እንዳትነኪ" አሉኝ።

"ፈቃዱ እስኪመጣ ማን ይሙት?" አልኳቸውና ሄጄ ገጠምኩት።

ወሬው የሞጣው ካድሬ ጆሮ ገባ። ጣቢያው ድረስ መጥቶ አፈጠጠብኝ።

"በመንግሥት ንብረት ላይ ያልታወቀ መሣሪያ ተክለሻል። ይሄ አሻጥር ነው! ንቀይው!"

"አልነቅልም።"

"ምን አልሽ?"

"አልነቅልም። ከፈለጉ ራስዎ ይንቀሉት፣ ጓድ። ከዚያ ግን ክረምቱን ሙሉ እዚህ ተቀምጠው ማጥፋትና ማብራቱ የእርስዎ ሥራ ነው።"

ፊቱ ተለዋወጠ። እዚያው ስልኩን አንሥቶ ለበላዩ ይከሰኝ ጀመር። በመሃል ነጎድጓድ ጣሪያውን አናወጠው።

"ሃሎ! ሃሎ!"

መስመሩ ሞቷል። እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መብራቶቹ ጠፍተው እንደገና በሩ። ደግሞ ሲደውል ገባለት። ክሱን የእኔው ጠባቂ ባስነሣው ስልክ ጨረሰ።

በኋላ ካድሬዎቹ ስብሰባ ላይ አቁመው "ጥፋትሽን እመኚ፣ ግለ ሂስ አድርጊ" አሉኝ።

"የማምነው ጥፋት የለኝም" አልኩ። ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ ሞጣ እንዳልሄድም ከለከሉኝ። ጠባቂውን የሚነቅል ሰው ግን አልላኩም። በዚያ ክረምት "ስልኩ ደነዘዘ፣ ነይልን" የሚል መልእክትም ከሞጣ አልመጣም።