በሳፋ የከደንኩት ዱካ

ላሜ ከግቢዬ ተፈትታ ስትወሰድ እኔ ሳሎን ተቀምጬ መርማሪ ፖሊስ ሌባ ሲይዝ እያየሁ ነበር። በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ድራማ ነው። መርማሪው ተንበርክኮ ከወለሉ ላይ አንዲት ክር በወረንጦ ያነሳና የሌባውን ቁመት ይናገራል። እኔም "ጎበዝ!" አልኩ። ላሜ ከበሩ የወጣችው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ባሌ ካረፈ ወዲህ የምተዳደረው የዚያችን ላም ወተት ለደብረ ታቦር ሻይ ቤቶች እያቀረብኩ ነው፤ ሌላ ገቢ የለኝም። ባዶውን ችካል ሳይ ጩኸት ማሰማት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ወደ ምርመራ ገባሁ። ከችካሉ አጠገብ፣ ጭቃው ላይ፣ ጥርት ያለ የጫማ ዱካ አገኘሁ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን ደፋሁበት፤ ድንጋይም ጫንኩበት።

"እትዬ፣ ላሟን እንፈልግ እንጂ!" አለች ጎረቤቴ ከአጥሩ ውጭ።

"እንዳትገቢ! ማስረጃ ትረግጫለሽ።"

"የጠፋው ሳፋው ነው ወይስ ላሟ?"

ለፖሊስ አመልክቼ የእውነቱ መርማሪ ከጣቢያው በእግሩ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እንደ ድራማው ጥቁር መነጽርና ረጅም ካፖርት የለውም፤ ጉንፋን ግን ይዞታል። ሳፋውን በኩራት አነሳሁለት። ዱካውን አየ፤ ቀጥሎ እግሬን አየ።

"እማማ፣ እስቲ እዚህ ላይ ይርገጡ።"

ረገጥኩ። ልክክ አለ።

"ቢሆንም፣" አልኩት፣ "አገሩ ሁሉ የሚጫማው ይህንኑ የፕላስቲክ ኮንጎ ነው። የሌባውም ሊሆን ይችላል።"

"የሌባውም ኮንጎ ተረከዙ ላይ እንዲህ በጋለ ብረት ተለጥፏል?"

"የጣት አሻራስ አታነሳም?"

"ከላሟ ላይ ነው?"

ከዚያ ሄዶ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጠ። የድራማው መርማሪ ብቻውን ያስባል፤ ይኼኛው አፍንጫውን እየጠረገ ሰው ሲያወራ ይሰማል። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አውጫጭኝ ተጠራ። በአውጫጭኝ ያየ ሰው "ወፍ ነገረኝ" ብሎ ለሽማግሌ በጆሮው ይናገራል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ወፏ ላሟን በጋፋት በኩል ሲነዷት አይታለች። ነገ እንሰበሰብና የነዳውን ሰው ስም እንጠራለን" አሉ። መርማሪው ሳል ብቻ ጨመረበት።

ሲነጋ ላሜ ደጄ ላይ ቆማለች፤ አንገቷ ላይ የማላውቀው አዲስ ገመድ ታስሯል። ገመዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ፌስታል ውስጥ ከተትኩና መርማሪው ዘንድ ሄድኩ።

"ሌባውስ?" አልኩት።

"አለቧት?"

"አልቤያታለሁ።"

"እንግዲያው እኔም ልሂድና ጉንፋኔን ላስታም። ስሙን ሽማግሌዎቹ ያውቁታል።"

ገመዱን አልወሰደልኝም። እኔም ቤቴ ስመለስ ከፌስታሉ አወጣሁትና ላሜን አሰርኩበት፤ የድሮው ገመዴ ከሌባው ጋር ቀርቷል። ጥሩ ገመድ ነው። ድራማውን አሁንም አያለሁ፤ ወንበሬን ብቻ ችካሉ ወደሚታይበት መስኮት አዙሬዋለሁ።