ከመታጠፊያው በኋላ የደረሰ ማስጠንቀቂያ

ሲግናል ሰፈር፣ ከጠዋቱ 12፡20

ጎህ ሲቀድ ተነሥተናል። ሁለት መኪኖች ነን፤ ከፊት ዳዊት የሚባል ወጣት የሚነዳው ፒክአፕ፣ ከኋላ ጋሽ ከድር የሚነዱት ሚኒባስ። እኔ ሙከራውን አይቼ ልጽፍ ሚኒባሱ ውስጥ ነኝ። ጋሽ ከድር የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞችን በየቀኑ እንጦጦ የሚያወጡ የሰርቪስ ሾፌር ናቸው፤ ከሠራተኞቹ አንዷ የገዛ ልጃቸው ናት። ከጎናቸው ኢንጂነር ሐያት ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። በሁለቱም መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የልብስ ሳሙና የምታክል ሳጥን ለጥፋለች። አንዱ መኪና ፍሬን ሲይዝ ወይም መታጠፊያ ሲቃረብ ሳጥኑ ያለ ሽቦ መልእክት ይልካል፤ የሌላው መኪና ሳጥን ይጮኻል። የዛሬው ሙከራ ካለፈ በሰርቪሶቹ ሁሉ ላይ ይገጠማል።

ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ያልወደድኩት ከፕሮጀክቱ ቢሮ የመጣውን መመሪያ ነው። "ሳጥኑ ስለሚያስጠነቅቅ በሙከራው ወቅት ክላክስ ማድረግ ክልክል ነው" ይላል።

"ይሄን የጻፈው ሰው እንጦጦን በፎቶ ነው የሚያውቃት" አሉ ጋሽ ከድር፣ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው እየከተቱ።

ካራ፣ 1፡30

በአንድ በኩል ያላለቁ ፎቆች፣ በሌላው በኩል ማሳ፣ አስፋልቱ መሃል ሁለት አህዮች። ቁርስ ፉል በላን። ቃሪያው በዝቶበታል፤ ዳቦው ግን ትኩስ ነው። ዋጋውን ስሰማ ሁለተኛ ሻይ ማዘዙን ተውኩት።

ከዚያ ሜዳማው መንገድ ላይ የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። ዳዊት ፍሬን ያዘ። የኋላ መብራቱ ቀላ፤ ጋሽ ከድርም ወዲያው ፍሬን ያዙ። አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ። ሳጥኑ የጮኸው ያኔ ነው።

"አሁን ነቃ?" አሉ ጋሽ ከድር።

ሐያት አልሳቀችም። "ሳጥኑ ምንም አልሆነም ጋሼ። መልእክቱ መጀመሪያ ቢሮ ያለው ሰርቨር ጋ ይሄዳል፣ እዚያ ይመዘገባል፣ ከዚያ ነው ወደኛ የሚላከው።"

"ዳዊት እኮ እዚሁ ፊታችን ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ። በቀጥታ ከመኪና ወደ መኪና እንዲሄድ አድርጌ የሠራሁት ፕሮግራም አለ፤ ላፕቶፔ ላይ ዝግጁ ነው። አልፈቀዱም።"

"ለምን?"

"በቀጥታ ከተነጋገሩ ኃላፊዎቹ ስክሪን ላይ አያዩትማ።"

ደሜ ፈላ። ጎረቤቴ ቤት እሳት ቢነሣ በአጥር ተጣርቼ እነግረዋለሁ እንጂ፣ ወረዳ ሄጄ ማህተም አስመትቼ ነው የምመጣው? መልእክቱ ውስጥ ያስጨመሩት ደግሞ ይባስ! የሾፌሩ ስም እስከ አያት፣ የመምሪያው ስም፣ የሥምሪቱ ቁጥር። "መኪና እየመጣ ነው" ለማለት ይህ ሁሉ ተጭኖ ይሄዳል። ሐያት በራሷ ፕሮግራም ላይ ያን ሁሉ አውጥታ ሁለት ነገር ብቻ አስቀርታለች፦ የት ነኝ፣ ወዴት እየሄድኩ ነው።

የእንጦጦ አቀበት፣ 3፡15

ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት እየወጣን ነው። ባሕር ዛፉ መንገዱን ከግራም ከቀኝም አጥብቦታል። ዳዊት ቀድሞን ወጥቷል፤ እሱ ሲወርድ እኛ ስንወጣ ሳጥኖቹ ሳንተያይ ሊያስጠነቅቁን ነው። መሃል ላይ ወዲያ ማዶውን የማያሳይ ጠባብ መታጠፊያ አለ። እዚህ የሾፌሮች ደንብ አለ፦ ከመታጠፍህ በፊት ሁለት ጊዜ ክላክስ ታደርጋለህ፤ መልስ ከመጣ የሚወርደው ቆሞ የሚወጣውን ያሳልፋል። የጻፈው የለም፤ የሚጥሰውም የለም።

የጋሽ ከድር እጅ ወደ ክላክሱ ሄደና ተመለሰ። "መመሪያ ነው እንግዲህ" አሉ።

ታጠፍን። ፒክአፑ አፍንጫችን ላይ ነበር። ጋሽ ከድር መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዙት። በዳር በኩል ቅጠል ተሸክማ የምትወርድ ሴት ሸክሟን ጥላ ዘለለች፤ ሚኒባሱ ሸክሙ ላይ ወጥቶ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ። ሳጥኑ ያኔ ጮኸ።

ጋሽ ከድር ወርደው ሴትየዋን ይቅርታ ጠየቁ፤ ቅጠሉን ሰብስበው አሸከሟት። ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። "ነገ እኮ ልጄ ከኋላዬ ናት" አሉኝ።

ስልክ ተደወለ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ናቸው፤ ሁላችንም እንድንሰማ ሐያት ድምፁን ከፈተችው። "ሁለቱ ነጥቦች ሲገናኙ ስክሪኑ ላይ አየናቸው። በጣም ያምራል። ተሳክቷል፣ ተመለሱ።"

የመጣልኝን ስድብ ልለቀው ስል ሐያት በእጇ ከለከለችኝ። ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ማንንም ሳታስፈቅድ የራሷን ፕሮግራም በሁለቱም ሳጥኖች ላይ ጫነች። ዳዊት ወደ ላይ፣ ሚኒባሱ ወደ ታች ተመለሱ፤ እኔ አደጋ ካየሁ እጄን ላውለበልብ መታጠፊያው ላይ ቆምኩ። ፒክአፑ ከላይ ብቅ ሲል ወደ ታች ዞርኩ። እጄን ሳላነሣ ሚኒባሱ ቆሟል። ጋሽ ከድር በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "ጮኸ!" አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ሲግናል፣ 6፡40

ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኃላፊው የሙከራውን ቅጽ አዘጋጅተው ጠበቁን። ትሑት ሰው ናቸው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ሐያት የሆነውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

"ሁለተኛው ሙከራ ስክሪን ላይ ስላልታየ እንዳልተደረገ ነው የሚቆጠረው" አሉ ኃላፊው። ቅጹ፣ በሰርቨር በኩል የሚሄደው ማስጠንቀቂያ ተፈትኖ እንዳለፈ ይናገራል። ሐያት አልፈርምም አለች። ኃላፊው አልተቆጡም፤ ዋናው የሾፌሩ ፊርማ ነው ብለው ብዕሩን ለጋሽ ከድር ዘረጉላቸው።

ጋሽ ከድር ብዕሩን ተቀብለው ቅጹን እስከ መጨረሻው አነበቡ።

"እፈርማለሁ" አሉ።

ሐያት ደንግጣ ዞረች።

"ነገ ጠዋት ልጅዎን ይዘው ይምጡ። ከኋላዬ ትቀመጥ። በዚያ መታጠፊያ፣ ያለ ክላክስ፣ በዚሁ ሳጥን አወጣችኋለሁ። ስንመለስ እፈርማለሁ።"

"ልጄ ገና ሕፃን ናት" አሉ ኃላፊው ቀስ ብለው።

ጋሽ ከድር ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "የኔዋ አድጋለች" አሉና ወጡ። እኔና ሐያት ተከተልናቸው፤ ቅጹ ሳይፈረም ጠረጴዛው ላይ ቀረ።